ጠሪው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰዓቱን የማልረሳው፣ የሳሎናችን የግድግዳ ሰዓት አራት ደቂቃ ወደ ኋላ መቅረቱን አይቼ፣ ወንበር ላይ ቆሜ በማስተካክልበት ቅጽበት የውጭው በር ስለ ተንኳኳ ነው።

ያን ጊዜ የስልሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበርሁ። ከባለቤቴ ከአስካለ ጋር ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር እንኖር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነን። በንጉሡ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርሁት የእርሻ ሳይንስ ነው፤ እንጀራዬ ግን ቡና መቅመስ ሆነ። ከጎማ፣ ከጌራና ከሊሙ የመጣ ቡና በስኒ በስኒ ተደርድሮ ይቀርብልኛል፤ በማንኪያ ስቤ፣ በምላሴ አዙሬ፣ ተፍቼ፣ አንድ ቃል እጽፋለሁ። «ንጹሕ» ካልሁ ያ ቡና ባሕር ይሻገራል። «የአፈር ሽታ» ካልሁ ወደ መጣበት መንደር ይመለሳል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አንድም ቀን አልተሳሳትሁም ብዬ እናገር ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ጡረታ ስወጣ ልብ ወለድ ጻፍሁ፤ ያውም በመናፍስትና በሌሉ መንግሥታት የተሞላ ምናባዊ ታሪክ። ወጣቶቻችን ክንፍ ያለው ዘንዶና ሾጣጣ ቆብ የደፋ ጠንቋይ ከባሕር ማዶ ሲያስመጡ እያየሁ፣ «ጫካችን ውስጥ ስንት ያልተጻፈለት ፍጡር እያለ!» እል ነበር። ለሥራ በዞርሁባቸው መንደሮች የሰማኋቸውን ተረቶች በደብተር ይዣቸው ስለ ነበር፣ ከመካከላቸው አንዱን መረጥሁ፤ ጠሪውን።

ጠሪው በቡና ጫካ ዳር ይኖራል። መልክ የለውም፤ አፍና ጆሮ ብቻ ነው። ሰዎች በጫካው ውስጥ የተናገሩትን ሁሉ ይሰማል፤ የሰማውንም አይረሳም። ከዚያ በምታውቁት ሰው ድምፅ ስማችሁን ይጠራል። በመጀመሪያው ጥሪ «አቤት» ያለ ሰው ጥላውን ይነጠቃል፤ ጥላ የሌለውም ሰው ቀስ በቀስ ከዘመዶቹ ትዝታ ይጠፋል። መጽሐፌ የሚያልቀው ጠሪውን ያሰረው ሐረግ ተበጥሶ፣ ፍጡሩ ከጫካው ወጥቶ በለቃሚዎች መካከል ሲቆም ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ከዚያም ጠሪው አፉን ከፈተ።»

በዚህ አጨራረስ እጅግ እኮራ ነበር። ሁለተኛው ቅጽ መቼ እንደሚወጣ ለሚጠይቁኝ ጥቂት አንባቢዎች «በዝግጅት ላይ ነው» እላቸው ነበር። ውሸት ነበር። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሁም፤ ምክንያቱም የተረቱን መጨረሻ አላውቀውም ነበር።

በሩን ስከፍት ሻሽ ያሰረች፣ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀይ ጭቃ የለበሰ፣ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ሴት ቆማለች። በእጇ መጽሐፌን ይዛለች። ፊርማ ፈልጋ የመጣች መስሎኝ እስክርቢቶ ለማውጣት እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ።

«ጋሼ፣ ጠሪውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ፤ ግቢ ልጄ።»

«አልገባም። ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። መንደሩ በሙሉ ሥራ አቁሞ እርስዎን ነው የሚጠብቀው።»

መኪያ ትባላለች። ከአጋሮ ወዲያ ባለች አንዲት የቡና መንደር አስተማሪ ናት። መጽሐፌን ጅማ ገዝታ፣ በምሳ ሰዓት በቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ እሸት ለሚለቅሙና ለሚለዩ ሰዎች ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ስታነብላቸው ሰንብታ፣ ሐሙስ ዕለት ጨረሰችው።

«የመጨረሻውን መስመር አንብቤ መጽሐፉን ስዘጋው፣ አክስቴ አዴ ሐዋ ‹ከዚያስ?› አለች። ‹አለቀ› አልኳት። ‹እንዴት ያልቃል? አፉን ከፍቶ?› ብላ ብድግ አለች። ከዚያ ወዲያ፣ ማሎ ጋሼ፣ ሲጠሩት የሚመልስ ሰው ጠፋ። ባል ሚስቱን ለምሳ ይጠራል፤ ዝም። እናት ልጇን ትጠራለች፤ ዝም። ትናንት ጎረቤታችን ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ‹አውርዱኝ› እያለ በየስማችን ሲጠራን፣ ሁላችንም ሰማን፤ ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ ራሱ ወረደ።»

«በደህና?»

«ወደቀ እንጂ። ደግነቱ ከሥሩ የቡና ቅርጫት ነበር።»

ሳቄን ያዝሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ጋሼ፣ ቀልድ አይደለም። ከዳውሮ የመጡት ለቃሚዎች ጓዛቸውን ጠቅልለዋል። ዛሬ ተረቱ ካልተዘጋ ነገ በጠዋት ይሄዳሉ። ቡናው ደግሞ ቀልቷል፤ ሌላ ለቃሚ እስኪመጣ አይጠብቅም፣ ይረግፋል። አባቴ ‹የከፈተው ሰው ይምጣና ይዝጋው› ብሎ ላከኝ።»

«አባትሽ ማን ናቸው?»

«አባ ራያ።»

ስሙን ስሰማ የበሩን መቃን ያዝሁ። አስካለ ከጓዳ ሆና ሁሉን ስትሰማ ኖሮ፣ ኮቴን በአንድ እጇ፣ የታጠበ መሐረብ በሌላው ይዛ መጣች።

«ጨርሰው ጨርሰው ብዬህ ነበር» አለች። «ይኸው በስልሳ ስድስት ዓመትህ ተረት አልጨርስ ብለህ ተከሰስህ! በል ልበስ። መሐረቡንም ያዝ፤ ሲበርድህ አፍንጫህ አይቻልም።»

ከጅማ አጋሮ በሚኒባስ ተጓዝን። መኪያ በመስኮቱ ስታይ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሼ ነበር። የጠሪውን ተረት የነገሩኝ አባ ራያ ናቸው። ለምርመራ በሄድሁ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየቆረሱ ነበር የሚነግሩኝ። በ1977 ዓ.ም. መጨረሻውን ሊነግሩኝ ቀጠሮ ይዘን ሳለን፣ የመንደራቸው ቡና ለቅምሻ ቀረበልኝ። «የአፈር ሽታ» ብዬ ጻፍሁበት። ጭነቱ በሙሉ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ እጅ አልነሡኝም፤ «ቡናዬን ያላመነ ሰው ተረቴን አያምንም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። መጽሐፌ መጨረሻ ያጣው ስለዚህ ነው። ያንን ጉድለት «ልብ አንጠልጣይ አጨራረስ» ብዬ ለአንባቢ ያቀረብሁት እኔ ነኝ።

ከአጋሮ ወዲያ በባዶ ጆንያ ጭነት መኪና፣ ከዚያም በእግር ሄድን። መንደሩ ስንደርስ አምስት ሰዓት ከአርባ ነበር። በመከር ወራት የቡና መንደር እንዴት እንደሚጮኽ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጫካው ሆኖ የሚጠራራው፣ የሚሰዳደበው፣ የሚዘፍነው። ያን ቀን ግን ጸጥ ብሏል። በአልጋዎቹ ዙሪያ ስድሳ የሚሆን ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጧል። አንዱ ሌላውን መጥራት ሲፈልግ የቡና ፍሬ አንሥቶ ይወረውርበታል። የተመታው ዞር ብሎ በምልክት «እኔን ነው?» ይላል። እኔንም ገና ከመድረሴ አንዲት ፍሬ ግንባሬን መታችኝ።

የወረወሩት አዴ ሐዋ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ዓይናቸው የሚስቅ አሮጊት። «ደራሲው ይኼ ነው? እኔ ጢም ያለው መስሎኝ!» አሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው፣ «አባ አፈር፣ እንግዳህን አስቀምጥ እንጂ» አሏቸው። ሰዎቹ ፈገግ አሉ።

«አባ አፈር ማን ነው?» ብዬ መኪያን በሹክሹክታ ጠየቅኋት።

መሬት መሬት አየች። «አባቴ ነው። ቡናው የአፈር ሽታ አለው ተብሎ ከተመለሰ ወዲህ፣ አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። የለመደው ይመስላል፤ ግን አልለመደውም።»

አባ ራያ ተነሡ። እኩያዬ ናቸው፤ ከእኔ ግን በአንድ ራስ ይረዝማሉ። ነጭ ቆብ አድርገው መቁጠሪያ ይዘዋል።

«ኦቦ መርማሪ» አሉኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት።»

«እንደምን ከረሙ፣ አባ ራያ?»

«አልሃምዱሊላህ። ቡናዬን መለሱ፤ ተረቴን ግን ወሰዱ።»

ተቀመጥን። በደሌን በሁለት ከፍለው አስረዱኝ። ተረት በቀን አይነገርም፤ በቀን ተረት የሚያወራ ከብቱ ይጠፋበታል። የእኔ ተረት በቀን ተነቧል። ይህስ ይታለፍ፤ መጽሐፍ ቀንና ሌሊት አይለይም። የማይታለፈው ሁለተኛው ነው፤ ተረት ተከፍቶ አያድርም። በቀን የተከፈተ ደግሞ በቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ አለብኝ።

«አባ ራያ፣ ይህ እኮ የመጀመሪያው ቅጽ ነው» አልሁ። «የቀረው በሁለተኛው ቅጽ ይወጣል።»

«መቼ?»

«ምናልባት በሁለት ዓመት…»

«ሁለት ዓመት አፉን ከፍቶ ይቁም?» አሉ አዴ ሐዋ። «ዝንብ ይገባበታል!»

ለሦስት ቀን ዝም ያለው ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። የለቃሚዎቹ አለቃ ብቻ አልሳቀም፤ የተጠቀለለ ጓዙ ላይ እንደ ተቀመጠ ፀሐይዋን አየ።

ወደ አባ ራያ ጠጋ ብዬ፣ «እርስዎ በጠሪው ያምናሉ?» አልኋቸው።

«እኔ የማምነው በአላህ ነው። ለቃሚው ግን በጠሪው ያምናል፤ ቡናውን የሚለቅመው ደግሞ ለቃሚው ነው።»

«እንግዲያው መጨረሻውን ይንገሩኝና ልዝጋው።»

መቁጠሪያቸውን ሁለት ጊዜ አዞሩ። «መጨረሻ የለውም፤ ባዶ ቦታ ነው ያለው። የሚተርከው ሰው በጠሪው ፊት ቆሞ አንድ እንቆቅልሽ ያቀርባል። ጠሪው ካወቀው ይቀራል፤ ተራኪውም ሌላ ይሞክራል። ካላወቀው እንደ ሕጉ አገር ይሰጣል፤ ያለው አገር ደግሞ ጫካው ብቻ ነው፤ እሱን ሰጥቶ ይሄዳል። አባቴ በራሱ እንቆቅልሽ ዘጋው። እኔም በራሴ። የሌላ ሰው አይሠራም፤ ጠሪው በጫካ የተባለውን ሁሉ ሰምቷላ! ከማንም አፍ ወጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት። የጠሪውን ወገን እኔ እይዛለሁ።»

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ ማለት እችላለሁ። እንቆቅልሽ ስሰበስብ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ደብተሬ ሙሉ ነው። ተነሥቼ ኮቴን ቆለፍሁና፣ በሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ኦሮምኛዬ፣ የጎደለውን መኪያ እየሞላችልኝ፣ ጠሪውን አፉን ከከፈተበት ቦታ አነሣሁት።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

«ሲሄድ ይውላል፣ ሲሄድ ያድራል፤ አይደክመው።»

«ወንዝ» አሉ አባ ራያ ቀና እንኳ ሳይሉ። «ይህን ሕፃን ልጅ አይጠየቅም።»

ሁለተኛው ራሴ የፈጠርሁት ነበር፤ እዚያው ቆሜ። «አረንጓዴ ተወልዶ፣ ቀይ ለብሶ ተድሮ፣ ጠቁሮ የሚፈጭ?»

ቅሬታው ከየአቅጣጫው መጣ። «ለእኛ የቡና እንቆቅልሽ!» አሉ አዴ ሐዋ። «ለዓሣ ስለ ውሃ ሊነግረው ነው!»

ሦስተኛውን፣ «ሁሉን ያያል፣ ራሱን አያይም» የሚለውን ገና ሳልጨርስ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት «ዓይን» አለች። ሕዝቡ አጨበጨበላት። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ አቀረብሁ። ከግእዝ መጻሕፍት የወሰድሁትንም ጨመርሁ። አንዳንዱን አባ ራያ፣ አንዳንዱን አዴ ሐዋ፣ አንዱን ደግሞ ኦሮምኛ በቅጡ የማይሰማ የዳውሮ ለቃሚ በምልክት መለሰው። ስምንት ሰዓት ሆነ። ሳቁ እየሳሳ ሄደ። የለቃሚዎቹ አለቃ ተነሥቶ የጓዙን ገመድ አጠበቀ፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ማጥበቅ ጀመሩ። መኪያ ከንፈሯን ነከሰች። መጽሐፉን ያነበበችው እሷ ናትና፣ ቡናው ቢረግፍ በአባቷ ስም ላይ ሌላ ስም የምትጨምረው እሷ ልትሆን ነው።

«ጥቂት ደቂቃ ይሰጠኝ» ብዬ ወደ አልጋዎቹ ሄድሁ። እጄ በልማድ ጥቂት ጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ዘገነ። አንዱን ፍሬ ፈልፍዬ አሸተትሁት። ማር ማር ይላል፤ ንጹሕ ነው። አንድ ቅንጣት አፈር የለበትም። ይህ መሬት፣ እነዚህ ዛፎች፣ እነዚህ አልጋዎች ከሃያ ሁለት ዓመት በፊትም እነዚሁ ነበሩ።

በዚያች ደቂቃ ከማንም አፍ ወጥቶ የማያውቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ገባኝ። በጫካ ቀርቶ በቤቴ፣ ለአስካለ እንኳ አልተናገርሁትም። በዚያ መንደር የቀረኝ ንብረት አንድ ነበር፤ «ይህ ሰው ክፉ ነው፣ ግን አይሳሳትም» መባል። እንቆቅልሹን ብጠይቅ መልሱን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ብናገር ያ ንብረት አብሮ ይሄዳል። ዝም ብል ደግሞ ለቃሚው ይሄዳል። ፍሬውን ወደ አልጋው መልሼ፣ ኮቴን ዳግመኛ ቆለፍሁ።

«እንቆቅልሽ» አልሁ።

«ምን አውቅልህ» አሉ፤ ድምፃቸው ደክሞ።

«አፍንጫው ተዘግቶ ስለ ሽታ የፈረደ፣ ምላሱ ደንዝዞ ስለ ጣዕም የፈረመ፣ ማን ነው?»

አዴ ሐዋ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት። አንዱ «ድንጋይ» አለ፤ ሌላው «ገንዳ» አለ፤ አይደለም አልሁ። የቀረው ሁሉ ወደ አባ ራያ ዞረ። አባ ራያ እስካሁን ሲጠየቁ ወዲያው ነበር የሚመልሱት። አሁን ግን መቁጠሪያቸው ቆመ። ቀና ብለው ፊቴን አዩ፤ ከዚያም ከኮቴ ኪስ ብቅ ያለውን መሐረብ አዩ፤ ተመልሰውም ፊቴን አዩ።

«አላወቅሁም» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው አገር ስጠኝ!» አልሁ።

«አዲስ አበባን ውሰድ።»

«አልፈልግም! እዚያ ጠሪው ብዙ ነው፤ መላሽ የለም!» አሉ አዴ ሐዋ በእኔ ፈንታ።

«ጅማን ውሰድ።»

«ጅማ ቤቴ ነው፤ የራሴን ለራሴ?»

«አጋሮን…»

«አጋሮን እንዳትሰጥ፣ ገበያችንን!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ጆንያ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ይንጫጫ ጀመር፤ ጓዝ የሚያስረው ሁሉ ገመዱን ትቶ ቀረበ።

«እንግዲያው ጫካዬን ውሰድ» አሉ አባ ራያ። «ጥላውን፣ ጅረቱን፣ ቡናውን። እኔ ሄድሁ። መልሱን ግን ሳልሰማ አልሄድም።»

«መልሱ እኔ ነኝ» አልሁ።

ከዚያ ነገርኋቸው። በ1977 ዓ.ም. የመንደሩ ቡና በቀረበልኝ ሳምንት ብርቱ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ስኒውን ከስኒ፣ ቡናውን ከውሃ አልለይም ነበር። «ዛሬ መቅመስ አልችልም» ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር። ግን ቀማሽ «መቅመስ አቃተኝ» ካለ ምን ይቀረዋል? ብዬ አፈርሁ። ከስኒዎቹ አንዱ ላይ ደለል ያየሁ መስሎኝ፣ በዓይኔ ፈርጄ «የአፈር ሽታ» ጻፍሁ። ከሳምንት በኋላ አፍንጫዬ ሲከፈት ለናሙና ከቀረው ቀመስሁ። ንጹሕ ነበር። ወረቀቱ ግን ሄዷል፤ ጭነቱም ተመልሷል። ዝም አልሁ።

«ያ ቡና አፈር አልነበረበትም» አልሁ። «አባ ራያ፣ ያ ስም የእርስዎ አይደለም፤ የእኔ ነው።»

አሁን ምን ሊመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሳላያቸው ተነሥተው ከመጨረሻው አልጋ ወዲያ የቆሙት አዴ ሐዋ ባላቸው ድምፅ ሁሉ ተጣሩ፦

«አባ ራያ!»

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ስም ጠርተዋቸው አያውቁም ነበር።

«አቤት!» አሉ አባ ራያ።

በመጀመሪያው ጥሪ! ስድሳ ሰው በአንድ ጊዜ ዓይኑን ወደ እግራቸው ጣለ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። የአባ ራያ ጥላ ከእግራቸው ሥር ተነሥቶ፣ ረጅምና ጥቁር ሆኖ፣ እስከ ቡናው አልጋ ደርሷል። እሳቸውም አዩት። አንድ እግራቸውን አነሡ፤ ጥላው እግሩን አነሣ። ቆባቸውን አወለቁ፤ ጥላው አወለቀ።

«አለ ወላሂ!» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓት ለማስፈር እቸገራለሁ። አንዱ አንዱን ይጠራል፤ የተጠራው «አቤት» ብሎ ወደ እግሩ ያያል፤ ይስቃል። የለቃሚዎቹ አለቃ ሰዎቹን አንድ በአንድ በስም ጠራ፤ ሁሉም መለሱ። ቅርጫት ተነሣ። ከዛፍ የወደቀው ጎረቤት «አርብ ዕለት የጠራኋችሁስ?» እያለ እየተከተላቸው ጫካ ገቡ። ጥቂት ቆይቶ የመከሩ ጩኸት ከየጥላው ሥር ይሰማ ጀመር።

አባ ራያ አጠገቤ መጡ። «ቅጣት አለብህ» አሉኝ። እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ነበርሁ። «አንድ ቅርጫት በእጅህ ለቅመህ ትሞላለህ።»

ለቀምሁ። ፍጹም የቀላውን ብቻ ስመርጥ፣ እያንዳንዱን ፍሬ በብርሃን አዙሬ ሳይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቅርጫቴ ግማሽ አልደረሰም። አዴ ሐዋ አልፈው ሲሄዱ ጎንበስ ብለው አዩት። «ይህን ሰው ተዉት» አሉ፤ «እስከ ጥምቀት አይጨርስም። ቡናው ራሱ ይቅርታ ያደርግለት።»

ውድ አንባቢ፣ በተለይም ከአያቶችህ ተረት ቆርሰህ ምናባዊ ታሪክ ልትጽፍ ብዕር ያነሣህ ወጣት፤ ይህን የምነግርህ ጠሪው እውነት ነው ብዬ አይደለም። እኔ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ተረትን እንደ ናሙና ነበር የምይዘው፤ እዘግናለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ እተፋለሁ። ፍጡሩን ከመንደሩ ወሰድሁ፣ ስሙን ወሰድሁ፣ ፍርሃቱን ወሰድሁ፤ በእሱ ፈንታ ያስቀመጥሁት ነገር አልነበረም። ተረቱ ግን ለካ መጨረሻው ላይ ለተራኪው አንድ ቦታ ትቶ ኖሯል። እዚያ ቦታ የምታስገባው የምታውቀውን አይደለም፤ ስድስት የማውቃቸውን እንቆቅልሾች ሳይቸገሩ ፈቱብኝ። የምታስገባው ከአፍህ እንዳይወጣ የጠበቅኸውን ነው። ዘንዶህ ከባሕር ማዶ ይምጣ፣ ጠሪህ ከጎማ ይምጣ፣ ለእኔ ለውጥ የለውም፤ አንተ ራስህ በውስጡ አንዲት ነገር ካላጣህበት ግን እመነኝ፣ አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ሁለተኛው ቅጽ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ፤ በዚህስ ቃሌን ጠብቄአለሁ። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ «አባት፣ አንድ ገጽ ጎድሎብዎታል» ብሎ ደውሎልኝ፣ አልጎደለም ብዬ ለማሳመን ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በዚያ ገጽ ላይ የራሳቸውን እንቆቅልሽ ጽፈው የላኩልኝ አንባቢዎች አሉ፤ አንዳንዶቹን አላወቅኋቸውም፤ አገርም ሰጥቻለሁ። ጉንፋኑ የቆየብኝ ሳምንት ሙሉ ነበርና፣ በዚያ ሳምንት ቡናቸውን የመለስሁባቸው ሌሎች ሁለት መንደሮችም ነበሩ። ወደ ሁለቱም ሄድሁ። በአንደኛው ተሳቀብኝ። በሁለተኛው ማንም አላስታወሰውም፤ እሱ የባሰ ከበደኝ።

ከአባ ራያ ጋር እስኪሞቱ ድረስ ሦስት ዓመት ወዳጆች ሆነን ኖርን። ጊንጆ ሲመጡ አስካለ ሰዓቱን ታዘገይልኝ ነበር፤ ጨዋታው እንዲረዝም። በኋላ መኪያ እንደ ነገረችኝ፣ በ1977 ዓ.ም. ቡናው ለቅምሻ በቀረበበት ቀን አባቷ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ እኔም በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በመሐረብ አፍንጫዬን ስጠርግ አይተውኛል። ይህን ለቤተሰባቸው ከዚያ ቅዳሜ በፊት ተናግረው እንደ ሆነ ግን አታስታውስም።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ያን ዕለት መልሱን ያውቁት ነበር?»

መቁጠሪያቸውን አዞሩ። «የተሰጠ አገር አይመለስም» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም።

ስለዚህ ያውቁ ይሁን፣ አያውቁ ይሁን፣ እንቆቅልሹ ጠሪውን አሸንፎት ይሁን ወይም አባ ራያ ተሸንፈውልኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልታወቀም።